የጆይንተር ምላጭ ቤት ውስጥ መሳል፦ ሦስቱን እኩል ማድረግ አቃተኝ

ዋንዛ ወዳድ (አዲስ አበባ)
ሰላም ለሁላችሁ። ግቢያችን ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ወርክሾፕ ካደረግኳት ሁለት ዓመት ሆነኝ። መተዳደሪያዬ ሌላ ነው። እንጨት የምሠራው ማታ ማታና ቅዳሜ ነው። ባለ 6 ኢንች ጆይንተር (የጣውላን ፊትና ጎን ቀጥ አድርጎ የሚልግ ማሽን) አለኝ። ሦስት ምላጭ ነው የሚይዘው።

ባለፈው ወር ምላጮቹ ደነዙብኝ። መጀመሪያ የነቃሁት በድምፁ ነው። ድሮ ሸርተት ብሎ ያልፍ የነበረው ጣውላ እየተንቀጠቀጠ ማለፍ ጀመረ። ፊቱ ላይ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄዱ ሁለት ቀጫጭን መስመሮች ቀሩ። በጥፍር ሲነኩ ያስታውቃሉ።

ለሚስል ሰው ሰጠሁ። ከሁለት ቀን በኋላ ስቀበል ጫፋቸው ሰማያዊ ሆኗል። ቤት ገብቼ በካሊፐር ስለካቸው ሰፊውና ጠባቡ በ1 ሚሊ ሜትር ይለያያሉ። አንደኛው መሃሉ ገባ ብሏል። በጣም ነው ያዘንኩት። ገንዘቡ አይደለም ያናደደኝ፤ ሲሳል የሄደ ብረት ተመልሶ አይመጣም።

ራሴ ቤት ውስጥ መሳል እችላለሁ? ትንሽ የጠረጴዛ ግራይንደር፣ አንድ የመሳያ ድንጋይ፣ ሞርሳ እና የጠረጴዛ መጋዝ አለኝ። ለእናቴ ቁም ሣጥን ልሠራላት የዋንዛ ጣውላ ገዝቼ አስቀምጫለሁ። በእነዚህ ምላጮች ልነካው ግን ፈራሁ።

ብረት ሠሪው (አዳማ)
ወንድሜ፣ ግራይንደር እያለህ ምን አስጨነቀህ? ምላጩን ድንጋዩ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ መለስ መለስ ማድረግ ነው። ሲግል ውሃ ውስጥ ንከረው። እኔ መጥረቢያም ቢላም የምስለው እንደዚህ ነው። ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

መምህርት (ባሕር ዳር)
ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ውስጥ የእንጨት ሥራ አስተምራለሁ። ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ከተማሪዎቼ ይመጣል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ብረት ሠሪው፣ ለመጥረቢያ ያልከው ያስኬዳል። የመጥረቢያ ስለት ትንሽ ጎበጥ ቢልም እንጨቱን ይፈልጣል። የጆይንተር ምላጭ ግን 15 ሳንቲ ሜትሩን ሙሉ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ማለት አለበት። በእጅ ብቻ ተይዞ የሚሽከረከር ድንጋይ ላይ ይህ አይመጣም። የዋንዛ ወዳድ ምላጭ መሃሉ የገባውም በዚሁ ይመስለኛል።

ሌላው ሙቀቱ ነው። ምላጩ ተራ የካርቦን ብረት ከሆነ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ሰማያዊ ይሆናል። ያ ክፍል ለስልሷል ማለት ነው። ሰማያዊው እስኪያልቅ ካልተፋቀ ስለት አይዝም። ኤችኤስኤስ (ሃይ ስፒድ ስቲል) የሚባለው ሙቀት የሚችል የመቁረጫ ብረት ግን እስከ 600 ዲግሪ አካባቢ ጥንካሬውን ስለማይለቅ፣ ቀለሙ በመቀየሩ ብቻ ተበላሸ አይባልም። ለእሱ የሚያስፈራኝ ውሃው ነው። የጋለ ኤችኤስኤስ ድንገት ውሃ ውስጥ ሲገባ ጫፉ ላይ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊፈጠር ይችላል። በኋላ ማሽን ላይ ሲወጣ እየተሸረፈ ይሄዳል። ስለዚህ በአየር ይቀዝቅዝ።

የትኛው ብረት እንደሆነ ካላወቅህ ምላጩ ላይ ጽሑፍ ፈልግ። ጽሑፍ ከሌለ በማይቆርጠው ወገን ግራይንደር ላይ ለአፍታ ንካው። የካርቦን ብረት ብልጭታው ደማቅ ነው፤ እንደ ርችት ይበተናል። ኤችኤስኤስ ደብዘዝ ያለ ቀላ ያለ ብልጭታ ያወጣል፤ ብዙም አይበተንም። የዓይን መነጽር ሳታደርግ እንዳትሞክረው።

አሁን ወደ አሳሳሉ። ወፍራም መስታወት ፈልግ፤ 10 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ላዩ ላይ የመኪና ቀለም ቀቢዎች በውሃ የሚጠቀሙበትን ጥቁሩን የብርጭቆ ወረቀት በውሃ አርሰህ ለጥፍ። ቀጥሎ ከጠንካራ እንጨት መያዣ ሥራ። ወይራ ብታገኝ አይደክምም። መያዣው ግራና ቀኝ ጎኑ ላይ እንደ ቤት ጣሪያ ወደታች የሚወርዱ ሁለት ስንጥቆች ይኖሩታል። ስንጥቆቹ ከመያዣው የታች ፊት ጋር 35 ዲግሪ ይሠራሉ። ይህ የብዙ ጆይንተር ምላጭ ተዳፋት፣ ማለትም ወደ ስለቱ የሚያዘነብለው ፊት ዲግሪ ነው፤ አንዳንዱ 40 ስለሚሆን የራስህን መጀመሪያ ለካ። መጋዝህን በዚያው ዲግሪ አዘንብለህ፣ የእንጨቱን የታች ፊት መጋዙ አጥር (እንጨት የሚደገፍበት ቀጥ ያለ ብረት) ላይ አስደግፈህ ትቆርጣለህ። የመጋዙ ምላጭ ከአጥሩ ወደ ውጭ ማዘንበል አለበት። የመጋዝ ስንጥቅ 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ምላጩ ልክክ ብሎ ይገባል። ከላይ በብሎን ታጠብቀዋለህ።

ሁለት ምላጭ በአንድ ጊዜ ሲገቡ አንዱ የሌላው እግር ይሆናል። ተዳፋታቸው መስታወቱ ላይ ይተኛል፤ እጅህ ቢንቀጠቀጥም ዲግሪው አይለወጥም። ተዳፋቱን በማርከር ቀባው። አምስት ስድስት ጊዜ ግፋና አገላብጠህ እይ። ቀለሙ የቀረበት ቦታ ገና አልነካም ማለት ነው። መሃሉ የገባው ምላጭህ ላይ ቀለሙ መሃሉ ላይ ይቀራል። እስኪጠፋ ድረስ በ120 ቁጥር ወረቀት ሥራ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይለሰልሳል። ከዚያ 240፣ 400፣ 800፣ 1000። እኔ ከ1000 በላይ አልሄድም፤ ለማሽን ምላጭ ትርፉ ድካም ነው።

አንድ ሰው «አለቀ እንዴ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ጣትህን በጀርባው በኩል ከውስጥ ወደ ስለቱ አውጣው እለዋለሁ። በስለቱ አቅጣጫ ሳይሆን ወደ ውጭ፣ እንዳትቆረጥ። ከዳር እስከ ዳር የምትቆረቁር ቀጭን የብረት ጠርዝ ከተሰማህ ተዳፋቱ እስከ አፉ ደርሷል። ከዚያ ጀርባውን 1000 ላይ አስተኝተህ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ጎትት። ጠርዟ ትወድቃለች።

ዋንዛ ወዳድ (አዲስ አበባ)
መምህርት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ጥያቄ አለኝ። ምላጮቼ ሦስት ናቸው፤ መያዣው የሚይዘው ሁለት ነው። ደግሞስ የ1 ሚሊ ሜትሩን ልዩነት ምን ላድርገው?

መምህርት (ባሕር ዳር)
ለሦስቱ እያፈራረቅህ ሂድ። አንደኛና ሁለተኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ፣ ከዚያ ሦስተኛና አንደኛ። በእያንዳንዱ ቁጥር ላይ ሦስቱንም ዙር ጨርስ። የምትገፋበትን ብዛት ቁጠር፤ ለሁሉም እኩል ይሁን። ምላጮቹን ጀርባቸው ላይ በማርከር 1፣ 2፣ 3 ብለህ ምልክት አድርግባቸው። ካልሆነ መሃል ላይ ትምታታለህ።

ስፋቱን በተመለከተ፣ የስለቱ ከፍታ በኋላ ማሽኑ ላይ ሲገጠም ይስተካከላል። የስፋት ልዩነት የሚያሳስበኝ በሚዛኑ ነው። 15 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ብረት 1 ሚሊ ሜትር ማለት ወደ 3 ግራም ተኩል ነው። ምላጮቹን የያዘው የማሽኑ ዘንግ በደቂቃ 5,000 ጊዜ ሲዞር ያቺ 3 ግራም ማሽኑን ታንቀጠቅጠዋለች፤ ኩሽኔታውንም ትጎዳለች። ወርቅ ቤት የሚጠቀሙባትን ዓይነት ትንሽ ሚዛን ፈልግና መዝናቸው። ከባዶቹን ግን በስለታቸው በኩል አትቀንስ። በማይቆርጠው ወገን፣ በጀርባ ጠርዛቸው በኩል ግራይንደር ላይ ቀስ እያልክ ቀንስ። እዚያ ትንሽ ወጣ ገባ ቢል ችግር የለውም። ግራይንደርህ ጥቅም ላይ ዋለ ማለት ነው።

ብረት ሠሪው (አዳማ)
የስንጥቁን ነገር አላውቅም ነበር። ማሽን ቤት ውስጥ ስንት ኤችኤስኤስ ውሃ ውስጥ እንደነከርኩ አሁን ገባኝ። ተምሬአለሁ፣ እህቴ።

የእጅ ፕላነር (ሐዋሳ)
ጆይንተር ለመግዛት አቅሜ አልፈቀደም። ያለኝ ማኪታ የእጅ መላጊያ ነው፣ ባለ 82 ሚሊ ሜትሩ። ምላጩ ሰፊው ዓይነት ነው። የእኔስ ይሳላል?

መምህርት (ባሕር ዳር)
ሰፊው ዓይነት ይሳላል። ቀጭኗ ሁለት አፍ ያላት ካርባይድ (ከብረት በጣም የጠነከረ የመቁረጫ ቁስ) ከሆነች ግን ትገለበጣለች እንጂ አትሳልም። ለሰፊው ኩባንያው ራሱ የመሳያ መያዣ ይሠራለታል፤ ሁለቱን ምላጭ በአንድ ጊዜ ይይዛል። ዕቃውን ስትገዛ ሳጥኑ ውስጥ መኖሩን እይ። ድንጋዩን 2 ወይም 3 ደቂቃ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈህ፣ ሁለቱም ምላጭ እኩል እንዲነኩ አድርገህ ትስላለህ። አሠራሩ ከላይ ካልኩት የእንጨት መያዣ ጋር አንድ ነው። መያዣው ከጠፋብህ ከእንጨት ሥራ።

ጋራዥ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)
ከዚህ ማዶ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እኔ ጋራዤ ውስጥ ዲዋልት 735 ፕላነር (የጣውላን ውፍረት እኩል የሚያደርግ መላጊያ ማሽን) ነው ያለኝ፣ ባለ 13 ኢንች። ሦስቱም ምላጮች ሁለት አፍ አላቸው። አንዱ ወገን ሲደነዝ ትገለብጠዋለህ፤ ሁለተኛው ሲደነዝ ሰዉ ይጥለዋል። እኔ መጣል ይከብደኛል። አባቴ ጎንደር አናጺ ነበር። አንድ መጋዝ ጥርሷ እስኪያልቅ ሲሞርዳት አይቼ ነው ያደግኩት። እነዚህን ስል ትክክል ነኝ ወይስ ጊዜዬን እያባከንኩ ነው?

አባ ዝግባ (አዲስ አበባ)
ልጄ፣ ትክክል ነህ። ግን ልኩን እወቅ። ያንተ ምላጭ ቀጭን ነው። በቀዳዳው ዘንጉ ላይ ካለው ፒን ጋር ስለሚገጥም ወደ ላይ ከፍ አድርገህ ማስተካከል አትችልም። ስለዚህ ስለቱ ገና መድከም ሲጀምር በ1000 ወረቀት ትንሽ ትንሽ አንሳው፤ ሦስቱንም እኩል ጊዜ። አንድ ሁለት ጊዜ ያስኬድሃል። ምስማር መትቶት ከተሸረፈ ግን አትድከም። ያንን ለማጥፋት የሚሄደው ብረት ብዙ ነው።

አሁን ለሁላችሁም አንድ ነገር ልበል። በዚህ ሙያ 31 ዓመት ሆኖኛል። ስለ መሳል ስታወሩ ደስ ብሎኛል። ግን ሰዎች በደንብ ስለው አምጥተው ማሽኑ ላይ ሲገጥሙት ያበላሹታል። እኔ ዘንድ «ምላጩ አልተሳለም» ተብሎ ከሚመጣው ማሽን አብዛኛው ምላጩ ስለታም ነው። አንዱ ምላጭ ከሌሎቹ ከፍ ብሎ ተቀምጦ ነው።

ነገሩን ላስረዳችሁ። ዘንጉ በደቂቃ 5,000 ጊዜ ቢዞር፣ ሦስት ምላጭ በደቂቃ 15,000 ጊዜ ይቆርጣል። ጣውላውን በደቂቃ 5 ሜትር ብትገፋው አንድ ምላጭ የሚነካው የሚሊ ሜትር ሲሶ ነው። ፊቱ ልስልስ ያለ ይወጣል። አንዱ ምላጭ በአንድ ፀጉር ውፍረት ከፍ ካለ ግን የመጨረሻውን ፊት የሚያወጣው እሱ ብቻ ነው። ሁለቱ በባዶ ይዞራሉ ማለት ይቻላል። ያኔ እያንዳንዱ ምት 1 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጣውላውን ወደ መስኮት አዘንብለህ ስታየው እንደ ሐይቅ ሞገድ የሚታይህ ያ ነው። ብቻውን የሚሠራው ምላጭም ቶሎ ይደነዝዛል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ማሽኑን ከሶኬት ንቀሉ። ማብሪያውን ማጥፋት አይበቃም። መብራት ጠፍቶ ነው ብላችሁም እንዳትዘናጉ፤ ሲመጣ አይነግራችሁም። የቆዳ ጓንት አድርጉ። ቀጥ ያለ የእንጨት ዘንግ የመውጫው ጠረጴዛ ላይ አስተኙና ጫፉን ከምላጩ በላይ አውጡት። ከጠረጴዛው ከንፈር ትይዩ በእርሳስ አንድ መስመር አስምሩበት። ምላጮቹን የያዘውን የማሽኑን ዘንግ በእጅ ቀስ ብላችሁ፣ ከሚቆርጥበት በተቃራኒ አዙሩ። ምላጩ እንጨቱን ትንሽ ያነሳውና ወደፊት ወስዶ ያስቀምጠዋል። እዚያ ሌላ መስመር። በሁለቱ መካከል 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው። ዋናው ግን ለሦስቱም ምላጭ፣ በግራ ጫፍም በቀኝ ጫፍም አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ካነሰ ምላጩን ከፍ አድርጉት። ብዙ ማሽን ከሥሩ ሞላ ወይም ትንሽ ብሎን አለው።

ብሎኖቹን በአንዴ አታጥብቁ። መጀመሪያ ሁሉንም ለስለስ አድርጋችሁ፣ ከዚያ ከመሃል ወደ ዳር፣ በሁለት በሦስት ዙር። ስታጠብቁ ምላጩ ሸርተት ይላልና በእንጨት ዘንጉ ድጋሚ ለኩ። ከጨረሳችሁ በኋላ እያንዳንዱን ብሎን አንድ በአንድ እንደገና ንኩ። ያልጠበቀ ምላጭ ከማሽን ሲወጣ እንደ ጥይት ነው። አንድ ጊዜ አይቻለሁ፤ ግድግዳው ላይ ነው የተሰካው። ሰው ስላልነበረ አመሰገንን።

ዋንዛ ወዳድ (አዲስ አበባ)
ጋሼ፣ ይህን ያህል ጊዜ ወስደው ስለጻፉልን እግዜር ያክብርልኝ። ቅዳሜ እሞክረዋለሁ።

የእጅ ፕላነር (ሐዋሳ)
አባ ዝግባ፣ ቶሎ እንዳይደነዝዝስ ምን እናድርግ? እኔ የምሠራው አብዛኛውን ጊዜ ከፈረሰ ቤት የወጣ ጣውላ ነው።

አባ ዝግባ (አዲስ አበባ)
ምላጭ የሚገድለው አሸዋና ምስማር ነው። ባህር ዛፍና ጥድ ከጫካ መሬት ላይ እየተጎተተ ነው የሚመጣው። ጣውላው ፊት ላይ የቀረው አሸዋ ከእንጨቱ በላይ ምላጩን ይበላዋል። ከመላግህ በፊት በሽቦ ብሩሽ አጽዳው። ጫፉ ላይ ድንጋይና አሸዋ ስለሚሰነቀር ከሁለቱም ጫፍ ሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር ቁረጥና ጣል። የፈረሰ ቤት ጣውላ ከሆነ ማግኔት አሳልፍበት። የአሮጌ ድምፅ ማጉያ ማግኔት ይበቃል። ኮንክሪት የነካውን ጣውላ እኔ ማሽን ላይ ጨርሶ አላወጣም።

ደግሞ ከመሳልህ በፊት ምላጩን እጠበው። የጥድ ሙጫ ስለቱ ላይ ሲደርቅ የደነዘ ያስመስለዋል። ንቀለውና በላምባ በተነከረ ጨርቅ ጥረገው፣ አድርቀውና ሞክረው። አንዳንዴ መሳል አያስፈልገውም።

ጋራዥ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)
ስለ ሽርፈት የማውቀውን አንድ ነገር ላክል። ጎረቤቴ ጆይንተር አለው። ምስማር ሦስቱንም ምላጭ እዚያው ቦታ ላይ ሸረፈበት። ስለዚህ ጣውላው ላይ መስመር ይቀራል፤ ዋንዛ ወዳድ መጀመሪያ ያልከው ዓይነት። አንደኛውን ምላጭ ፈትቶ ወደ ጎን 1 ሚሊ ሜትር ገፋ አደረገው። የአንዱን ሽርፈት ሌላው ይሸፍንለታል። መስመሩ ጠፋ፤ ለወራት እንደዚያው ሠራበት። ከፍታውን ግን እንደገና ለክቷል። የእኔ ላይ በፒኑ ምክንያት አይሆንም።

መምህርት (ባሕር ዳር)
ይህ ጥሩ ዘዴ ነው፤ እኛም ኮሌጅ ውስጥ እናደርገዋለን። ዋንዛ ወዳድ፣ አንድ የረሳሁትን ልጨምርልህ። የዋንዛው ጣውላ ቅርንጫፍ የወጣበት አካባቢ ከሆነ የእንጨቱ ክር አቅጣጫው ይገለባበጣል። የተሳለ ምላጭም ቢሆን እዚያ ይቦጭቀዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ቦታ በአንዴ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ቁረጥ፣ ቀስ ብለህ ግፋ። ቡጭቅ ካለ ጣውላውን አዙረህ ከሌላው ጫፍ አስገባ።

ዋንዛ ወዳድ (አዲስ አበባ)
ከሰባት ቀን በኋላ ተመልሻለሁ። ያደረግኩትን ልንገራችሁ።

ብልጭታውን አየሁ። ቀላ ያለ፣ የማይበተን ነው። ኤችኤስኤስ ነው ማለት ነው፤ ተገላገልኩ። መያዣውን ከወይራ ሠራሁት። የመጀመሪያው ስንጥቅ 33 ዲግሪ ሆነብኝና ጥዬ እንደገና ቆረጥኩ። መሃሉ የገባውን ምላጭ በ120 ቁጥር ለማቅናት ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ትከሻዬ እስካሁን ያመኛል። ሌሎቹ ግን ቀለሉ። ክብደታቸውን ጎረቤታችን ያለ ብር ሠሪ ጋ ወስጄ መዘንኩ። ከጀርባ ጠርዛቸው እየቀነስኩ ሦስቱን ከግማሽ ግራም በታች ልዩነት ላይ አደረስኳቸው።

ከፍታውንም በእንጨት ዘንግ አስተካከልኩ። ሦስቱም፣ ግራም ቀኝም 3 ሚሊ ሜትር።

አሁን አንድ ችግር ቀርቷል። ጣውላው ልስልስ ብሎ ይወጣል፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ግን የመጨረሻዎቹ 5 ሳንቲ ሜትር ጎድጎድ ብለው ይቆረጣሉ። ምላጩን ነው ያበላሸሁት?

አባ ዝግባ (አዲስ አበባ)
ምላጭህ ደህና ነው። የመውጫው ጠረጴዛ ከስለቱ ዝቅ ብሏል። 3 ሚሊ ሜትር ወሰደልህ ማለት ሦስቱ እርስ በርስ እኩል ናቸው ማለት ነው። ጠረጴዛው ግን በትክክል ከስለቱ ጫፍ ጋር እኩል መሆን አለበት። ዝቅ ሲል ጣውላው የመግቢያውን ጠረጴዛ ሲለቅ ወደ ታች ይወድቅና ምላጩ ጠለቅ ብሎ ይበላዋል። ጠረጴዛውን በጣም በትንሽ በትንሹ ከፍ አድርግና ቁራጭ ጣውላ ሞክር። ካበዛኸው ደግሞ ጣውላው ከንፈሩ ላይ ይጋጫል፤ ወይም ወደ መጨረሻው እየሳሳ የሚሄድ አቆራረጥ ታያለህ። በሁለቱ መካከል ያለውን አግኝና ቆልፈው።

ዋንዛ ወዳድ (አዲስ አበባ)
ጋሼ፣ ሁለት ጊዜ በጣም በትንሹ ከፍ አደረግኩት። ጉድጓዱ ጠፋ።

ዛሬ ጠዋት የመጀመሪያውን የዋንዛ ጣውላ አሳለፍኩ። 1 ሜትር ከ80 ነው። በመስኮቱ ብርሃን አዘንብዬ አየሁት፤ ሞገድ የለም፣ መስመር የለም። ሁለቱን አጋጥሜ ከኋላቸው ባትሪ አበራሁ፤ ብርሃን አያሳልፍም። ፍቅፋቂው ራሱ ተለውጧል፤ ዱቄት ሳይሆን ቀጫጭን ቅርፊት ነው። እናቴ ቡና ልታፈላ ስትወጣ ጠርታኝ «ዛሬ ማሽንህ ድምፁ ጠፋ» አለችኝ።

ነገ ኮላ ገዝቼ የጎኑን ሳንቃ አጣብቃለሁ።